የእንቅልፋሙ ሐረግ ቀለም

ቡና ጫኙ ወዚር ከሐረና ጫካ ያመጣው የማር እንጀራ ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ከቡናው ጆንያ ሥር ሸጉጦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በበቅሎ ተጉዞ ሮቤ ከተማ ሠርከአዲስ ከምትሠራበት የአውራጃ ጽሕፈት ቤት መጋዘን ድረስ አደረሰላት። እሷ በዚያ ሰዓት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ለሜይ ዴይ ሰልፍ ሥዕላቸው ከሚወጣው ሦስት የአብዮት ጺማሞች የሁለተኛውን ጺም ታጠቁር ነበር። ብሩሿን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከማሩ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣለች። መጀመሪያ ጣፈጣት። ቆይቶ ከምላሷ ሥር እንደ ግራዋ መረራት።

«ጃርሶ ምን አለህ?» ስትል የላኪውን ቃል ጠየቀችው።

«ምንም አላለኝም፣ እትዬ። ‹ስጣት፤ ቀምሳ ታውቀዋለች› ብቻ ነው ያለኝ።»

በእርግጥም አወቀችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ያም ሆኖ ከወለሉ እንደ ልጃገረድ ብድግ አለች። እንቅልፋሙ ሐረግ አብቧል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐረግ አስቀድሞ ካልተነገረ የሚቀጥለው ሁሉ ዕብደት ይመስላል። ከባሌ ተራሮች በስተደቡብ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። ስምንት ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖራል። በዘጠነኛው ዓመት በልግ ለሃያ ቀን ያብባል፤ ከዚያ ፍሬውን ጥሎ ይደርቃል። በነዚያ ሃያ ቀናት ንቦቹ ሌላ አበባ ዞር ብለው አያዩም፤ ማራቸውም ይመርራል። የአገሬው ማር ቆራጮች ግን ሐረጉ ሞተ አይሉም፤ ተኛ ነው የሚሉት። በዓመቱ በዚያው ቦታ ለምለም ቅጠል ብቅ ሲል ደግሞ ነቃ ይላሉ። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

ሠርከአዲስ የዕፅዋት ሠዓሊ ናት። ተወልዳ ባደገችበት የጎባ ሰፈር ዕፅዋት የሚሰበስብ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር። ቅጠል በወረቀት መካከል እንድታደርቅለት በአሥራ አምስት ዓመቷ ቀጠራት፤ በወረቀቱ ጠርዝ የምትሞነጫጭረውን አይቶ ብሩሽ አስጨበጣት። ከዚያ ወዲህ ከአጋርፋ እርሻ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ከሮቤ ረግረግ እስከ ሳነቴ አናት ያልዞረችበት የለም። አሠራሯ አንድ ነው። አንድ መቶ አርባ ቀለማት በተርታ የተቀቡበት፣ እያንዳንዱም ቁጥር የተሰጠው ረጅም ወረቀት አላት። ዱር ውስጥ በእርሳስ ትሥላለች፤ ቅጠሉንና አበባውን ከዚያ ወረቀት ጋር አስተያይታ ቁጥሩን በየቦታው ትጽፋለች፤ ቀለሙን ቤቷ ገብታ ትቀባለች። ሐኪሙ አገር ሲለቅ የተወላት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ያላየሽውን አትቀቢ።

ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሥዕል ሠርታ ጨርሳለች። ሁሉም በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጧል። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት «ሲሟላ ላኪው፣ እናሳትመዋለን» የሚል ደብዳቤ ደርሷት ነበር፤ ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፣ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹም የውሃ ሽታ ሆኑ። እሷ ግን የጎደለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው፣ የእንቅልፋሙ ሐረግ ሥዕል ነው፣ እሱ ከሞላ ሌላው ይሆናል ብላ አመነች። በስልሳ ዓመተ ምሕረት ጫካው ስትደርስ የረገፉ አበቦች ብቻ ጠበቋት፤ ደርቀው ሐምራዊ መስለዋል። በስልሳ ዘጠኝ ቆላው በጦርነት ወሬ ታምሶ መንገድ ተዘጋና ስትደርስ ፍሬው እንኳ ረግፎ ነበር። ያኔ ፍሬውን ሣለች፤ ሥሩንም ቆፍራ በስብሶ ያገኘችውን ያህል ሣለች። የወረቀቱ መሀል፣ አበባው የሚገባበት ቦታ፣ ባዶውን ቀረ። ዳግም ሲያብብ እንዲልክባት ለማር ቆራጩ ለጃርሶ አደራ ብላው እያለቀሰች ተመለሰች።

አሁን ሰባ ስምንት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስልሳ ሰባት ዓመት ይሆናታል፤ እጇ ደግሞ ካሁኑ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወዚር እንደነገራት ከሆነም አዲስ መንደር ሊሠራ ጫካው እየተመነጠረ ነው። ማሩ እስኪመርር አምስት ቀን፣ መንገዱ ሦስት ቀን። ከሃያው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል።

የይለፍ ወረቀቱ አምስቱን ቀን በላ። ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ ተመላለሰች። አንዱ ጸሐፊ ማኅተሙ የለም ይላል፤ ሌላው ማኅተሙ አለ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ይላል። በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ስትቀበል ሰውየው ለምን እንደምትሄድ ጠየቃት። አበባ ለማየት ብትለው ለአፍታ አየት አድርጓት «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈ። ደግ ሰው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከጎባ ወጡ። የጭነት መኪና በነዳጅ እጦት ከቆመ ወር አልፎታል፤ ስለዚህ የያዙት ድሮ ቡና ነጋዴዎች የሚመላለሱበትን የበቅሎ መንገድ ነው። እሷ በተከራየችው ዳማ ፈረስ፣ ወዚር በእግሩ፣ ስንቁና ምንጣፉ በበቅሎዋ በዱሬቲ ላይ። ዱሬቲ ማለት ባለጸጋዋ ማለት ነው። ወዚር ከአባቱ ከወረሰው ሁሉ የቀረችው እሷ ብቻ ስለነበረች ስሟ አይበዛባትም ነበር። ሠርከአዲስ የቀለም ሣጥኗን በጀርባዋ አዘለች። ለዚህ አበባ ቁጥር አላመነችም፤ እዚያው ዛፉ ሥር ተቀምጣ ልትቀባው ነው። በብብቷ ደግሞ በካልሲ የተጠቀለለ አንድ ቱቦ ሐምራዊ ቀለም አለ። ሐኪሙ ከተወላት የቀረው የመጨረሻው ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ቀለም ሁሉ በጺም ሲያልቅ እንኳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብቃ ያቆየችው።

ሳነቴ አናት ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። ዛፍ የሚባል የለም፤ ድንጋይ፣ ውርጭ የጠበሰው ሣርና እዚህም እዚያም እንደ ምሰሶ ተገትሮ የቆመ የጅብራ ተክል ብቻ። አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል እያደባ ነበር፤ ቀና ብሎ አያቸውና ሥራውን ቀጠለ። ወዲያው ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ወዚር «እንፍጠን» ከማለቱ በረዶው ወረደ። ባቄላ ባቄላ ያክል ነበር፤ ፊት ይገርፋል፣ ዓይን አያስገልጥም። ምድሩ በአንድ አፍታ ነጣ። የሚጠለሉበት ስለሌለ አንገታቸውን ደፍተው ወደፊት ገፉ።

ሳነቴን የሚያውቅ ፈረሰኛ ፍልፈል ባለበት ሜዳ አይጋልብም፤ መሬቱ ከሥሩ ተቦርቡሮ ባዶ ነው። ሠርከአዲስም ይህን ታውቃለች፤ ግን ጉድጓዶቹን በረዶ ሸፈናቸው፣ እሷም ቸኮለች። የፈረሱ የፊት እግር እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። እሷ በራሱ ላይ አልፋ በአፍጢሟ ተደፋች፤ የቀኝ እጇ ከሥሯ ታጠፈ። ወዚር ደርሶ ሲያነሳት መጀመሪያ የነካካችው ሣጥኗን ነው፤ ቀጥሎ ቱቦውን፤ በመጨረሻ እጇን። አንጓው ካሁኑ አብጧል።

«ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ» አላት። አንቀሳቀሰቻቸው። አመማት፤ ግን ተንቀሳቀሱ።

ፈረሱ ማነከስ ጀመረ። እየጎተቱት፣ እየተንቀጠቀጡ፣ የአስታው ጫካ ከሚጀምርበት ቁልቁለት ወርደው ከአንድ ከብት ጠባቂ ጎጆ ገቡ። እጇ ሲተኮስ ዋለ፤ ትኩሳቱም አላንቀሳቅስ አላት። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ተኛች። ወዚር በበትሩ ስንጥር እጇን አሰረላትና እንመለስ ቢላት፣ በደኅነኛው እጇ ጣቶች ቀን ቆጠረች። ሃያው ቀን ሊሞላ አራት ቀርቷል። በልቧ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደማትደርስበት ይነግራት የነበረ አንድ ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ ያመለጣት ነገር በሦስተኛው እጅ የሚሰጥበት ምክንያት አልታያት አለ።

ፈረሱን ለጎጆው ባለቤት ትተው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በእግራቸው ወረዱ። ከሪራ መንደር በታች ቀርከሃው ተጀመረ። ጉሙ ከመሬት እስከ ጫፍ ሞልቶታል፤ ሦስት እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። ዱሬቲ በድንገት ቆመች። ወዚር ጎተታት፤ አልነቃነቅ አለች። ጆሮዋን ወደ ግራ አዞረች፣ ቆዳዋ ተርገበገበ።

«እትዬ፣ ከኋላዬ ይሁኑ» አለ ወዚር፣ በጣም ቀስ ብሎ።

አንበሳ ነበር፤ ሲዘል ድምፅ አላሰማም። ጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር አለፈ፤ ቀርከሃው ተንኳኳ፤ ዱሬቲ አንድ ጊዜ ጮኸችና ከነጭነቷ ወደ ጎን ወደቀች። ወዚር ጩቤውን መዞ ተንደረደረ። ሠርከአዲስ በደኅነኛው እጇ ቀበቶውን ጨብጣ ሙሉ ክብደቷን ወደ ኋላ ጣለችው፤ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረጉ። እዚያው ተጋድመው የሚጎተተውን ነገር ድምፅ ሰሙ። ቀርከሃው እየተሰበረ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። መሬቱ ላይ የቀረው አንድ ድስትና የተበጠሰ ጠፍር ነበር።

ወዚር ተቀምጦ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት እንደማይገባት ሁሉ ፊቷን አዞረች፤ ይህን ሰው እዚህ ያመጣችው እሷ ናት። ትንሽ ቆይታ፣ ቀኑ ገና ነው፣ ሪራ ድረስ ቢመለስ እንደማትቀየመው ነገረችው።

«አሁን ከተመለስኩ ዱሬቲ ለምን ሞተች?» አላት። ድስቱን አነሳና ፊት ፊት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መጥረቢያ ሰሙ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ የማይቆጠር። ጫካው በድንገት ተከፈተና ሰፊ ገላጣ ሜዳ ላይ ወጡ። ጉቶ በጉቶ ነው። ቤቶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል በተርታ ቆመዋል፤ ገና ክዳን የላቸውም። በመሀል አንድ አዲስ በጭቃ የተመረገ የመሰብሰቢያ አዳራሽ አለ። ከአዳራሹ አጠገብ ቀጫጭን ግንዶች ተከምረዋል፤ ሠርከአዲስ ክምሩ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። በየግንዱ ላይ ሐረግ እንደተጠመጠመ ደርቋል። ቅጠሉን በዳሰሳ ታውቀዋለች። ሥሩ የተበተነው አበባ ሁሉ ተጨማድዶ ሐምራዊ ሆኗል። እንቅልፋሙ የሚወጣው በቀጫጭን ዛፍ ላይ ነው፤ ለቤት ማገር የሚፈለገውም ቀጭን ዛፍ ነው።

የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ጓድ ጉሉማ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ ካኪ ሱሪው ተተኩሷል፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ በምን እንደሚተኩሰው አላህ ይወቀው። የይለፍ ወረቀቷን አየና ዘመዷ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ሣጥኗን አስከፈተ፤ የእርሳስ ሥዕሎቿን አንድ በአንድ እያነሳ በብርሃን ያዛቸው።

«ይህ ሠላሳ አራት ምንድን ነው?»

«የቅጠሉ አረንጓዴ ነው።»

«ይህስ? ዘጠና አንድ፣ ከሥሩ መቶ ሁለት?»

«የግንዱ ልጣጭ። ጥላ ያለበትና የሌለበት።»

ጉሉማ አላመናትም። እዚህ አገር ትናንት ሽፍታ እንደነበረ፣ ዛሬም ለሽፍታው በቁጥር ምስጢር የሚልክ ሰው እንደማይጠፋ እየነገራት ወረቀቶቹን አጣጠፋቸው። ሠርከአዲስ ለእያንዳንዱ ቁጥር የቀለሙን ወረቀት ዘርግታ አሳየችው፤ ስታሳየው ይብስ ምስጢር መሰለው። ያዳናት ከመጥረቢያዎቹ አንዱን የያዘ የጎባ ሰው ነበር። ይህች እኮ ጺሞቹን የምትሥለው ሴትዮ ናት ብሎ መሰከረላት። ያኔ የጉሉማ ፊት በራ። ለበዓሉ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ የአዳራሹ ግድግዳ ግን ባዶ ነው።

ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን ነገራት፤ ሦስቱን ፊት በግድግዳው ላይ ሥላ እንደጨረሰች ወረቀቷም እሷም ነፃ ናቸው። ሠርከአዲስ ለመነችው። ለማንም ሰው ለምና አታውቅም፤ እሱን ግን ለመነችው። ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር ርቀት ላይ ያለ አበባ እንዳላት፣ ሦስት ቀን ካለፈ ዘጠኝ ዓመት እንደሚያልፍ፣ አይታ ተመልሳ ግድግዳውን እንደምትሥልለት ነገረችው።

«እማማ» አላት ጉሉማ፣ በእርግጥም በትሕትና፣ «አበባ የትም አይሄድም።»

ግድግዳውን ሣለች። ያበጠውን እጇን በግራዋ እየደገፈች፣ በእርጥብ ጭቃ ላይ፣ ለቅጠልና ለግንድ ያመጣቻቸውን ቀለማት ሁሉ አፈሰሰችባቸው። ቡኒው አለቀ፣ አረንጓዴው አለቀ፣ ቢጫው አለቀ። ሦስተኛው ጺም አስታ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት መሰለ፤ ማንም አላስተዋለም። ወደ ክምሩ በየቀኑ ተጨማሪ ግንድ ይመጣል፤ ሐረጉም አብሮ። ወዚር በነዚያ ቀናት እንጨት ተሸከመ፤ ካልሠራህ አትበላም ተብሎ። በብብቷ ያለውን ሐምራዊ ቱቦ ግን አልሰጠቻቸውም። ጉሉማ የሁለተኛውን ፊት ኮት በምን እንቅባው ቢላት፣ ቀለም አለቀ አለችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተለቀቁ። ሃያ አንደኛው ቀን ነበር።

ግማሽ ቀን ሄዱ። አንድ ወንዝ ወገባቸው ድረስ ገብተው ተሻገሩ፤ ወዚር ሣጥኑን በራሱ ላይ ተሸከመላት፣ ቀለም እንደሌለበት ግን ሁለቱም ያውቃሉ። በየመንገዱ የቆሙ ቀጫጭን ዛፎች እያነሱ፣ ጉቶዎች እየበዙ ሄዱ። አንድም በሕይወት ያለ እንቅልፋም አላየችም። መጨረሻ ላይ የጃርሶ ጎጆ ካለበት ተዳፋት ሲደርሱ አንድ ግዙፍ ዝግባ ቆሞ አገኙት። ለቤት ማገር የሚሆን አልነበረም፤ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ለዚህ ነው የተረፈው። ቅርንጫፉ ላይ የጃርሶ ቀፎዎች ተጋድመዋል፤ ግንዱን ከሥር እስከ ጫፍ የተጠመጠመው ደግሞ እንቅልፋሙ ነበር። በወደቁት ዛፎች ዘንድ የሌለ ለምለም፣ ጤነኛ ሐረግ ነው።

አንዲት አበባ አልነበረችበትም። መሬቱን አየች፤ የረገፈም የለም። ፍሬም የለም።

ጃርሶ እየሳቀ ከጎጆው ወጣ። በዘጠኝ ዓመት ጥርሱ ቀንሷል፤ መዳፎቹ በግንድ ተፍቀው ቆስለዋል። «ነጋ ዱፍተኒ?» አላቸው፣ በሰላም መጣችሁ ወይ እያለ፤ መልስም ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ተመልሶ አንድ ትልቅ ቅል በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። አፉ በሰም ታሽጓል። በጩቤው ከፈተውና ከፊቷ አስቀመጠው። እስከ አፉ ማር ነበር፤ ማሩ ውስጥ ደግሞ አበቦች።

«መጥረቢያው ሲቀርብ፣ አንቺም ስትዘገዪ ጊዜ ፈራሁ» አላት። «ሁለት ቀን ሙሉ ወጣሁ ወረድሁ። በማር የገባ ነገር አይበሰብስም። አንዲት እንኳ መሬት እንዳትወድቅብኝ ብለሽኝ ነበር አይደል? አንዲትም አልወደቀችም፣ አዴ።»

ብላው ነበር። በስልሳ ዘጠኝ፣ በዝናብ፣ ይህንኑ ዛፍ ተደግፋ እያለቀሰች፣ ልክ በዚህ ቃል ብላው ነበር።

አንዷን በቀርከሃ ስንጥር አወጣችና በድስቱ ውሃ አጠበቻት። ጠርዟ ሳይጎዳ ተዘረጋች። አምስት የአበባ ቅጠል፣ አራት ወንዴ ዘንግ፣ ሁለቱ ረጅም ሁለቱ አጭር፤ ከጉሮሮዋ በታች እንደ ጸጉር የቀጠነ ንቅሳት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስትሥለው የኖረችው ሁሉ አለ። ቀለሟ ግን የለም። ቡኒ ናት፤ ማሩን መስላለች። ሁለተኛዋንም አጠበች፣ ሦስተኛዋንም፤ ሁሉም ቡኒ ነበሩ።

ከዚያ ቀና ብላ ባዶውን ሐረግ አየችው፤ ያኔ ገባት። ይህ ሐረግ አይተኛም፤ ይሞታል። ሥሩን ቆፍራ ያየችው እሷ ናት። በዓመቱ በዚያው ቦታ የሚበቅለው ከወደቀው ፍሬ የሚወለደው ልጁ ነው። ሌሎቹን መጥረቢያ ጨርሷቸዋል። የተረፈው ይህ አንዱ ነበር፤ ጃርሶ ደግሞ አበቦቹን አንድ ሳያስቀር ለቅሟል። ፍሬ የለም ማለት ነው። በዚህ ተዳፋት ከእንግዲህ እንቅልፋም አይነሳም። ከአፏ የወጣ አንድ የንዴት ቃል ነው እንጂ የጃርሶ ጥፋት አይደለም። ጃርሶ የደማ መዳፉን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አድናቆቷን ይጠብቅ ነበር።

«አላሳፈርከኝም፣ ኦቦ ጃርሶ» አለችው። ወረቀቷንም ዘረጋች።

ሁለት ቀን ሣለች። እጇ ሲያምጽ እያረፈች፣ ሲተዋት እየቀጠለች። በሁለተኛው ቀን እርሳሷን አስቀምጣ ቱቦውን ከካልሲው አወጣች። ሐምራዊ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ጃርሶን ጠየቀችው።

«ሐምራዊ?» አለ ጃርሶ ግራ ገብቶት። «የለም፤ ያ ሲሞት ነው። በሕይወት እያለ እንደ አዲስ ቅቤ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ብቻ እንደ ጥጃ ምላስ ይቀላል።»

ቱቦውን መልሳ በካልሲው ጠቀለለችው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው የሬሳ ቀለም ነበር። የቅቤውን ቢጫ ብትፈልግ ደግሞ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ቀርቷል፤ ቢኖራትም አትቀባውም ነበር፤ አላየችውማ። አበባው በወረቀቱ መሀል ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከሥዕሎቿ ግርጌ እስከዚያ ቀን የጻፈችው የራሷን ስምና ቀኑን ብቻ ነው። አበባ የለቀሙላት፣ መንገድ የመሯት፣ ወንዝ ያሻገሯት ሰዎች ስም በሁለት መቶ አሥራ አንዱ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። በዚህኛው ላይ «ያደረሰኝ ወዚር፤ ቀለሙን ያየ ጃርሶ» ብላ ጻፈች፤ የነገራትንም የቅቤና የጥጃ ምላስ ቃል እንዳለ ከሥሩ አሰፈረች። የራሷን ስም አልጻፈችም። ማንም የሚያሳትመው እንደሌለ ያን ጊዜ በእርግጠኝነት ታውቅ ነበር።

ሲሰነባበቱ ጃርሶ ወረቀቱን በትኩረት አየው። ስሙ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት፤ በጣቷ አሳየችው። ነጩን አበባ ግን ሲያይ ትንሽ ከፋው።

«ግድ የለም» አላት። «በዘጠነኛው ዓመት ሲነቃ ራስሽ ታዪዋለሽ። ያኔ እጄን አልዘረጋበትም።»

ወዚር ወደ እሷ ዞር አለ። በነዚያ ሁለት ቀናት ስለ ፍሬው ነግራዋለችና የምትመልሰውን ጠበቀ። ሠርከአዲስ ባዶውን ሐረግ ከሥር እስከ ጫፉ አየችው። ያላየችውን ላለመቀባት ዕድሜዋን ሙሉ የታገለች ሴት ናት።

«ኢንሻአላህ» አለችው።

«አሚን» አለ ጃርሶ፤ ቅሉንም ለማጠብ ወደ ምንጩ ወረደ።